ኮርኒሱ ዝቅ ላለ ክፍል፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም አንድ ቅሬታ አላቸው፦ ቤቱ ጠቦ ሳይሆን ኮርኒሱ ተጭኖ ያስቸግራል። ኮርኒስ ማንሳት ለአብዛኛው ሰው የማይሞከር ነው፤ ዓይን ግድግዳውን ይዞ ሲወጣ የት ላይ እንደሚሰናከል ማየትና እንቅፋቱን ማንሳት ግን በእጃችን ነው። ወደ ጥያቄዎቹ ከመሄዳችሁ በፊት ሜትር ያዙና ከፍታውን በአራቱም ማዕዘንና መሀል ላይ ለኩ። መሀሉ ከማዕዘኑ 2 ወይም 3 ሳ.ሜ. ዝቅ ብሎ ቢገኝ አይግረማችሁ። ዕቃ ስታሠሩ የምትይዙት ልክ ትንሹን ነው።

ጥያቄ፦ መኝታ ቤታችን 3.60 በ3.20 ሜትር ነው፤ የኮርኒሱ ከፍታ 2.28። ግድግዳው ክሬም፣ ኮርኒሱ ነጭ ሲሆን በመጋጠሚያቸው ላይ ቡናማ የተቀባ፣ 10 ሳ.ሜ. የሚሰፋ የጂፕሰም ጌጥ ዙሪያውን ይዞራል። ቀለም ቀቢው «ግድግዳውን ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ ኮርኒሱን ደማቅ ነጭ እናድርገው፤ ያኔ ኮርኒሱ ከፍ ብሎ ይታያል» ይለናል። እንስማማ?

መልስ፦ አትስማሙ። ምክሩ በብዙ ሰው አፍ ይዞራል፤ ሲፈተሽ ግን አልጸናም። የጀርመኑ ማይንዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች የክፍሎችን ከፍታ በዓይን እንዲገምቱ አድርገው ነበር። ኮርኒሱ ሲነጣ ክፍሉ ከፍ ብሎ ታያቸው፤ ግድግዳው ሲነጣም እንዲሁ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን በራሱ የጨመረው ከፍታ አልነበረም፤ የወለሉ ቀለምም ቢሆን ለውጥ አላመጣም። ስለዚህ ግድግዳውን ካጠቆራችሁት ከነጩ ኮርኒስ ያገኛችሁትን መልሳችሁ ታጡታላችሁ።

የእናንተ ክፍል ዋና ጥፋተኛ ያ ቡናማ ጌጥ ነው። ዓይን ከወለል ተነስቶ ሲወጣ እዚያ ሲደርስ ይቆማል፤ ግድግዳው 2.28 ሳይሆን 2.18 ላይ ያለቀ ይመስላል። ጌጡን በግድግዳው ቀለም ቀቡት። በኮርኒሱ ቀለም ብትቀቡት ኮርኒሱን ራሱን 10 ሳ.ሜ. ወደ ታች ማውረድ ይሆናል።

ክሬሙን ግድግዳ ማቆየት ትችላላችሁ። ለኮርኒሱ ደግሞ ከግድግዳው ቀለም 1 እጅ፣ ከነጭ 3 እጅ ቀላቅሉ። ሁለቱም የአንድ ፋብሪካ፣ የአንድ ዓይነት ምርት ይሁኑ። እንዲህ ያለው ነጭ ከክሬሙ ጋር ይዋደዳል፤ ደማቁ ነጭ ግን ከክሬም አጠገብ ሲቀመጥ ወደ ሰማያዊ ያደላና ድንበሩን ያጎላዋል። ለሁለቱም እጅ (ዙር ቅብ) የሚበቃውን ሁሉ በአንድ ባልዲ፣ በአንድ ጊዜ ቀላቅሉ፤ ሥራው መሀል ላይ ካለቀ ያንኑ ቀለም በግምት መልሶ ማግኘት አይቻልም።

ስሌቱ ይኸውና። ኮርኒሱ 3.60 × 3.20 = 11.5 ካሬ ሜትር ነው። ግድግዳው ዙሪያው 13.60 ሜትር ሆኖ በ2.28 ሲባዛ 31 ካሬ ይሆናል፤ በርና መስኮት ወደ 3.7 ካሬ ቢወስዱ 27.3 ይቀራል። 1 ሊትር ቀለም ለአንድ እጅ 10 ካሬ ገደማ ይሸፍናል (ትክክለኛውን ከቆርቆሮው ላይ አንብቡ፤ ከ8 እስከ 12 ይለያያል)። ሁለት ሁለት እጅ ለመቀባት ለኮርኒሱ 2.3 ሊትር፣ ለግድግዳው 5.5 ሊትር ያስፈልጋል። ለኮርኒሱ 3 ሊትር ካዘጋጃችሁ 0.75 ሊትሩ ክሬም፣ 2.25 ሊትሩ ነጭ ነው፤ በድምሩ 6.5 ሊትር ክሬም ብትገዙ ለጥገና የሚተርፍ ጭምር ይኖራችኋል።

ለኮርኒሱ የማያብለጨልጭ ቀለም ምረጡ። አንጸባራቂ ቀለም ብርሃን ስለሚመልስ ከፍታ ይጨምራል የሚሉ አሉ፤ ፍጹም ለጥ ባለ ኮርኒስ ላይ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ዝቅ ያለ ኮርኒስ ከዓይን አንድ ክንድ ያህል ብቻ ነው የሚርቀው፤ ከመስኮቱ በአግድም የሚገባው ብርሃን እያንዳንዱን ጎርባጣ ቦታ ያወጣዋል። ለጥ ማለቱን ለማወቅ ማታ መብራት አጥፉና ባትሪ ኮርኒሱ ላይ አስጠግታችሁ በአግድም አብሩ። ጥላ የጣለውን ቦታ ሁሉ በእርሳስ ክበቡት። ክብ ውስጥ ያለውን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር በሚሆን ስስ ስቱኮ ሙሉት፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሹት፣ አቧራውን ጥረጉና ስቱኮ የነካውን ቦታ በመጀመሪያ ደረጃ ቀለም (ፕራይመር) ሸፍኑት። ይህን የዘለለ ሰው ስቱኮው ውሃውን ከቀለሙ ስለሚመጥበት ኮርኒሱ ላይ ካርታ ይወጣበታል፤ ካርታው ደግሞ ሦስተኛ እጅ ቢቀባም ላይጠፋ ይችላል።

ሲቀባ አንድ ሜትር በሚሰፋ መስመር እየተከፈለ፣ የመጨረሻው የሮለር ጉዞ ወደ መስኮቱ አቅጣጫ ይሁን። የቀደመው መስመር ጠርዝ ሳይደርቅ ቀጣዩ ይድረስበት፤ ከደረቀ መጋጠሚያው ሽንትር ሆኖ ይቀራል። መሀል ላይ ለሻይ መውረድ የለም።

ጥቁር ኮርኒስ ጨርሶ አይሁን ማለታችን አይደለም። ማታ ማታ ብቻ ለሚያገለግል ክፍል ወይም ለአጭር መተላለፊያ ማዕዘኖቹን አደብዝዞ ደስ የሚል ስሜት ይሰጣል። ከፍታ ግን አትጠብቁበት።

ጥያቄ፦ ቁመትን የሚያስረዝሙ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ መስመሮች ያሉበት የግድግዳ ወረቀት መለጠፍ አስበናል። ያዋጣል?

መልስ፦ እንደሚታሰበው አይደለም። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በ19ኛው መቶ ዘመን እንዳሳየው፣ እኩል ከሆኑ ሁለት አራት ማዕዘኖች ውስጥ አግድም መስመር የተሞላው ነው ረጅም መስሎ የሚታየው፤ ወደ ታች መስመር የተሞላው ይሰፋል። ክፍልን የሚያስረዝመው የመስመሩ ብዛት ሳይሆን ከወለል እስከ ኮርኒስ ሳይቋረጥ የሚሄድ አንድ ነገር ነው፤ ጠባብና ረጅም መደርደሪያ ወይም እስከ ላይ የደረሰ መጋረጃ ይበልጠዋል። ወረቀቱን ካልተውነው ካላችሁ መስመሩ ከመደቡ በአንድ ደረጃ ብቻ የሚለይ ይሁን፤ ለአንድ ግድግዳም ይብቃ። ከመለጠፋችሁ በፊት በማዕዘኑ ላይ ቱንቢ ጣሉ፤ ማዕዘኑ 1 ሳ.ሜ. እንኳ ዘንበል ካለ መስመሩ ያጋልጠዋል።

ጥያቄ፦ የሳሎናችን መስኮት ስፋቱ 1.50፣ ቁመቱ 1.20 ሜትር ነው። የመስኮቱ ላይኛው ጠርዝ ከወለል 2.00 ሜትር፣ ኮርኒሱ 2.30 ላይ ነው። መጋረጃው 2.05 ላይ ተሰቅሎ መስኮቱ ግርጌ ያበቃል። አዲስ ላሠራ ነውና ስንት ሜትር ጨርቅ ልግዛ?

መልስ፦ ይህን የመሰለ አጭር መጋረጃ ግድግዳውን ሦስት ቦታ ይቆርጠዋል፦ ከላይ ባዶ ግድግዳ፣ መሀል ጨርቅ፣ ከታች ባዶ ግድግዳ። ዘንጉን ወደ 2.25 አውጡት፤ ከመስኮቱ ግራና ቀኝም 25፣ 25 ሳ.ሜ. ይትረፍ። ስለዚህ የዘንጉ ርዝመት 2.00 ሜትር ይሆናል። መጋረጃው ሲከፈት በግድግዳው ላይ ይሰበሰባል እንጂ መስታወቱን አይሸፍንም፤ ሙሉ ብርሃን ይገባል።

የጨርቁ ስፋት ቢያንስ የዘንጉ እጥፍ፣ ማለትም 4 ሜትር ያስፈልጋል። ጥቅሉ 1.40 ሜትር ስፋት ካለው 3 ቁራጭ 4.20 ይሰጣል። ቁመቱ ከ2.25 ተነስቶ ከወለል 1 ሳ.ሜ. ከፍ ብሎ ሲያበቃ 2.24 ነው፤ ለታች እጥፋት 15፣ ለላይ 8 ሳ.ሜ. ሲጨመር እያንዳንዱ ቁራጭ 2.47 ሜትር ይመጣል። ሦስቱ 7.41 ሜትር። ጥጥ ከሆነ በመጀመሪያው እጥበት ከ3 እስከ 5 በመቶ ሊሰበሰብ ስለሚችል 7.80 ሜትር ግዙ፤ ሳይቆረጥ ይታጠብ፣ ይተኮስ፣ ከዚያ ይቆረጥ። ሳይታጠብ የተሰፋ መጋረጃ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ከወለሉ 8 እና 10 ሳ.ሜ. ተንጠልጥሎ እንዳጠረ ሱሪ ይሆናል፤ ያንን ከማየት ባዶ መስኮት ይሻላል።

ሦስት ነገሮች ይበላሻሉ። አንደኛ፣ ብረት ቀለበት የተመታበት (ዘንጉ በቀዳዳው የሚያልፍበት) መጋረጃ ከዘንጉ በላይ 3 ወይም 4 ሳ.ሜ. ስለሚቆም ኮርኒሱን ይፈትገዋል፤ ለእሱ ዘንጉ 2.23 ላይ ይሁን፣ ቁመቱም በዚያው ይስተካከል። ሁለተኛ፣ ከመስኮት በላይ ያለው ብዙ ጊዜ ኮንክሪት ስለሆነ ተራ መሰርሰሪያ ያስቸግራል፤ መዶሻ ያለው ድሪል ያስፈልጋል፣ ከፊሸሩ ርዝመት 1 ሳ.ሜ. ጠለቅ ብሎም ይበሳ። ሦስተኛ፣ ኮርኒሱ ላይ የሚገጠም ሃዲድ ከመረጣችሁና ኮርኒሱ ጂፕሰም ከሆነ፣ ብሎኑ የሚገባው ጂፕሰሙን በያዘው ብረት ወይም እንጨት ውስጥ መሆን አለበት። በሰሌዳው ብቻ ላይ የተሰቀለ ወፍራም መጋረጃ አንድ ልጅ የጎተተው ቀን ይወርዳል።

የጨርቁ ቀለም ለግድግዳው የቀረበ ይሁን። የወለሉን ከፍታ በመስኮቱ ግራ፣ መሀልና ቀኝ ለኩት፤ ጎን ለጎን ሁለት ሳ.ሜ. የሚለያይ ወለል ብርቅ አይደለም።

ጥያቄ፦ 3.50 በ4.00 ሜትር የሆነው ሳሎናችን መሀል ላይ 45 ሳ.ሜ. የሚወርድ መብራት አለ። ከፍታው 2.30 ስለሆነ ረጅም እንግዳ ሁሉ ራሱን ይመታል። አውርደነው ጂፕሰም እናሠራና ትንንሽ አምፖሎች ውስጡ እናስገባ ይሆን? ቬንትሌተርስ ይገጠማል?

መልስ፦ መብራቱን ማውረዳችሁ ትክክል ነው። ሰው በሚያልፍበት ቦታ ከወለል እስከ መብራቱ ግርጌ ቢያንስ 2.10 ሜትር መተው አለበት፤ የእናንተ 1.85 ነው። ጂፕሰሙን ግን ተዉት። ከአሮጌው ኮርኒስ ሥር ሌላ ማንጠልጠል ከነብረቱ 8 እስከ 12 ሳ.ሜ. ይበላል፤ ከ2.30 ወደ 2.20 ገደማ ለመውረድ ገንዘብ መክፈል ይሆናል። ከዚህም በላይ ወደ ታች ብቻ የሚያበሩ አምፖሎች ወለሉን ያደምቁና ኮርኒሱን ጨለማ ያደርጉታል። እናንተ የምትፈልጉት ተቃራኒውን ነው፤ ኮርኒሱ ራሱ ይብራ።

ለዚህ ወደ ላይ የሚያበራ የቁም መብራት ወይም የግድግዳ መብራት ተጠቀሙ። ለሳሎን በካሬ ሜትር 150 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ጥሩ መነሻ ነው፤ 14 ካሬ ሲባዛ 2,100 ይሆናል። ኮርኒስ ላይ ነጥሮ የሚመለስ ብርሃን ግን ግማሽ ያህሉ ይባክናል፤ ስለዚህ 4,000 ሉመን ያዙ፦ ሁለት የቁም መብራት፣ እያንዳንዱ 2,000 ሉመን፣ በሰያፍ በተቃራኒ ማዕዘኖች። የመብራቱ አፍ ከኮርኒሱ ቢያንስ 50 ሳ.ሜ. ይራቅ። 2.30 ከፍታ ላይ 1.75 ሜትር የሆነ መብራት 55 ሳ.ሜ. ይተዋል፤ 2 ሜትር የሆነው ግን 30 ሳ.ሜ. ብቻ ይቀረውና ኮርኒሱ ላይ የሳህን ቅርጽ ያለው ነጭ ክብ ይጥላል፤ ያ ክብ ደግሞ ዓይንን ጎትቶ ዝቅታውን ያሳየዋል። የአምፖሎቹ የብርሃን ቀለም 2700 ወይም 3000 ኬልቪን፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን። ግማሹ ቢጫ ግማሹ ሰማያዊ ያዘለ ነጭ ከሆነ ከሁለቱ የቱም አያምርም።

አጠቃላይ መብራት ካስፈለገ መሀል ላይ ኮርኒሱን የለጠፈ፣ ውፍረቱ ከ8 ሳ.ሜ. የማይበልጥ ክብ መብራት ይበቃል። የወረደውን መብራት አትጣሉት፤ ከምግብ ጠረጴዛ በላይ ሰው ስለማያልፍ እዚያ ይሰቀል። የጠረጴዛው ከፍታ 75 ሳ.ሜ. ከሆነ የመብራቱ ግርጌ ከጠረጴዛው 75 እስከ 80 ሳ.ሜ. ከፍ ይበል፣ ማለትም ከወለል 1.50 ገደማ። ዝቅ ያለ ቢመስላችሁም ተቀምጣችሁ የፊት ለፊቱን ሰው ፊት አይከልልም። ሽቦ የሚነካ ሥራ ሁሉ ዋናው ቆጣሪ ጠፍቶ፣ በባለሙያ ይሠራ።

ቬንትሌተሩን በተመለከተ፦ ክንፉ ከወለል ከ2.30 በላይ መሆን አለበት፤ ከኮርኒሱም 20 ሳ.ሜ. ካልራቀ አየር በደንብ ስለማይስብ በቂ ነፋስ አይገኝም። በ2.30 ከፍታ ሁለቱ ልኮች አይገጣጠሙም፤ ኮርኒሱ ላይ አትግጠሙ። እንዲህ ዝቅ ላለ ኮርኒስ የግድግዳ ወይም የቁም ቬንትሌተር ይሻላል። ከፍ ባለ ሌላ ክፍል ብትገጥሙም ኮርኒሱ ላይ ካለ አምፖል ሥር ክንፍ እንዳይዞር ተጠንቀቁ፤ ብርሃኑን እየቆራረጠ ያንቀጠቅጠዋል።

ጥያቄ፦ ቁም ሳጥናችን 1.90 ሜትር ነው፤ ከላዩ ያለው ቦታ የሻንጣና የአቧራ ማከማቻ ሆኗል። ኮርኒሱ 2.30 ነው። አናጺው «2.28 አድርጌ ሠርቼ አመጣዋለሁ» ይላል። ጥልቀቱ 60 ሳ.ሜ.

መልስ፦ እስከ ኮርኒስ መሙላቱ በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው። ተሠርቶ ይምጣ ካላችሁ ግን ክፍሉ ውስጥ አይቆምም። ተጋድሞ የገባ ሳጥን ሲነሳ በሰያፉ ነው የሚያልፈው፤ 2.28 ቁመትና 0.60 ጥልቀት ያለው ሳጥን ሰያፉ 2.36 ሜትር ነው። ኮርኒሱ በ6 ሳ.ሜ. ያንሰዋል። ኮርኒሱ ላይ ያለ ጭረት ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው።

2.30 ከፍታ ላይ፣ 60 ሳ.ሜ. ጥልቀት ያለው ሳጥን ተጋድሞ ሊነሳ የሚችለው ቢበዛ 2.22 ሜትር ቁመት ሲኖረው ነው፤ 2 ሳ.ሜ. ለመተንፈሻ ትተን 2.20 እንበል። ከዚያ በላይ ለመሄድ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሳጥኑን በሁለት ከፍሎ መሥራት ነው፦ ታች 1.90፣ ላይ 36 ሳ.ሜ.፤ ታችኛው ከቆመ በኋላ ላይኛው ተጭኖ በብሎን ይያያዛል። ያላችሁን ሳጥን ሳትጥሉም በዚሁ መንገድ ላዩ ላይ ማስጨመር ትችላላችሁ። ሁለተኛው 2.20 አድርጎ ሠርቶ፣ የቀረውን 10 ሳ.ሜ. ከፊት በኩል በአንድ ጠፍጣፋ እንጨት መዝጋት ነው። እንጨቱ ላይኛው ጠርዙ ከኮርኒሱ መዛባት ጋር እየተለካ ቦታው ላይ ይቆረጣል፤ አናጺው ቤት ቀጥ ብሎ የተቆረጠ እንጨት በአንድ ጫፍ ገጥሞ በሌላው 1 ሳ.ሜ. ክፍተት ይተዋል።

በሮቹን በግድግዳው ቀለም ቀቡ፤ እጀታውም ረጅምና ቀጭን ይሁን። የላይኛውና የታችኛው በር መጋጠሚያ ከክፍሉ በር ላይኛው ጠርዝ ጋር አንድ ከፍታ ላይ ቢውል ዓይን እንደ አንድ መስመር ስለሚቆጥረው ሌላ እንቅፋት አይፈጥርም። በሩ ሲከፈት መብራቱን እንዳይመታ አስቀድማችሁ ለኩ።

ጥያቄ፦ ክፍል የሚያሰፋ ትልቅ መስታወት ገዝተን ግድግዳው ላይ አስደግፈነዋል፤ ምንም አልሰፋም፣ እንዲያውም ኮርኒሱ የበለጠ ወረደብን። ሶፋውስ ይቀየር?

መልስ፦ የተደገፈ መስታወት ፊቱን ወደ ላይ ያቀናል፤ የምታዩበት የገዛ ኮርኒሳችሁን ነው። ቀጥ አድርጋችሁ ግድግዳው ላይ ስቀሉት፤ ከወለል 15 ሳ.ሜ. ተነስቶ ቢያንስ 1.85 ይድረስ፣ በውሃ ልክም ይረጋገጥ። ቦታው ከመስኮት ፊት ለፊት ወይም ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ጎን ግድግዳ ነው። 4 ሚሊ ሜትር መስታወት በካሬ 10 ኪሎ ይመዝናል፤ 60 ሳ.ሜ. በ1.70 የሆነው ከፍሬሙ ሌላ 10 ኪሎ ገደማ ስለሆነ በአንድ ሚስማር አይታመንም። ግርጌው የሚያርፍበት ብረት ያለው መያዣ፣ ቢያንስ አራት ፊሸር ይሁን።

ሶፋው መደገፊያው 80 ሳ.ሜ. ካልበለጠና እግሮቹ የሚታዩ ከሆኑ አትቀይሩት። ከቀየራችሁ መቀመጫው ከ38 እስከ 42 ሳ.ሜ. የሆነውን ፈልጉ፤ ተቀማጩ 5 ሳ.ሜ. ዝቅ ባለ ቁጥር ከራሱ በላይ 5 ሳ.ሜ. ያገኛል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አዋቂ በቤቱ ካሉ ግን ይህን ምክር እርሱት፤ ለእሳቸው 45 ሳ.ሜ. የሆነ አንድ ወንበር ይኑር።

ጥያቄ፦ የኮንክሪት ቢም ክፍላችንን መሀል ለመሀል አቋርጦ 25 ሳ.ሜ. ወርዷል። ከሥሩ 2.10 ብቻ ነው የሚቀረው። በጂፕሰም ሸፍነን መብራት እናድርግበት ወይ?

መልስ፦ አትንኩት። ሽፋኑ ከየጎኑ 3 ወይም 4 ሳ.ሜ. ያወፍረዋል፤ መብራቱ ደግሞ ያጎላዋል። ቢሙን ከሥሩም ከጎኑም በኮርኒሱ ቀለም፣ በዚያው በማያብለጨልጨው ቀቡት፤ ምንም አትስቀሉበት። ከዚያ ክፍሉን በእሱ ላይ ክፈሉት፦ በአንዱ ወገን መቀመጫ፣ በሌላው ጠረጴዛ ይሁን፤ ምንጣፉም ከቢሙ ትይዩ ላይ ያብቃ። የሶፋው ጀርባ ከቢሙ ሥር ቢውል ቆሞ የሚያልፍበት ሰው ስለማይኖር 2.10 መሆኑ አይሰማም። አልጋ ግን ከሥሩ አታድርጉ፤ በጀርባ ተኝቶ ለሚያይ ሰው ምንም ዓይነት ቀለም አይደብቀውም።